«ተቀበል!»፦ የራያ ቆቦ የገጠር ዘፈን አፈጣጠርና የባለቤትነት ጥያቄ

ከወልዲያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው ሮቢትና በአካባቢዋ በሠርግና በዓመት በዓል የሚዜሙ የገጠር ዘፈኖች አስቀድመው በወረቀት ተጽፈው የሚቀርቡ አይደሉም። የሚፈጠሩትም ሆነ የሚመዘኑት እዚያው በአዳማጩ ፊት ነው።

ማሲንቆ ተጫዋቹ ከፈረስ ጭራ በተሠራው አንድ ጅማት ዜማውን ይጀምራል። ዜማው አብዛኛውን ጊዜ ሕዝቡ የሚያውቀው ሲሆን አዲስ የሚሆነው ግጥሙ ነው። ከታዳሚዎቹ አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይነግረዋል። ተጫዋቹም ስንኙን ከዜማው ጋር አስማምቶ፣ አንዳንድ ጊዜም አሻሽሎ ያዜመዋል። በዚህም ምክንያት አዳማጩ ራሱ ገጣሚ ይሆናል። በነሐሴ ወር በሚከበረው የሶለል በዓልም ከልጃገረዶቹ አንዷ ግጥም ስታወጣ ሌሎቹ እየተቀበሉ ይጨፍራሉ።

ስንኙ ተቀባይነት ማግኘቱ የሚታወቀው በጭብጨባና በእልልታ ነው። ያልተወደደ ስንኝ አይደገምም። የተወደደው ግን በገበያተኛውና በሠርገኛው አፍ ከመንደር ወደ መንደር ይዛመታል፤ በየደረሰበትም የሰውና የቦታ ስም ይለወጥለታል። በዚህ ጉዞ ዘፈኑ ሲኖር የመጀመሪያው ገጣሚ ስም ይረሳል።

የድምፅ ቀረጻ ይህን ሂደት ለውጦታል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ዘፈኖቻቸውን በሸክላ ካስቀረጹ ወዲህ ቃል በቃል የሚቆይ ዘፈን ተገኝቷል። በኋላም በአምባሰል ዜማ የምትታወቀውን ማሪቱ ለገሰን የመሳሰሉ ድምፃውያን የወሎን ዜማ ለመላው አገሪቱ አድርሰዋል። ይሁን እንጂ በሠርግ ላይ ስንኝ የሰጠ ገበሬ ስሙ በካሴት ሽፋን ላይ የሚሰፍርበት ልማድ አልነበረም።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥራ አመንጪው ያለ ምዝገባ ጥበቃ ይሰጣል፤ የጥበቃው ዘመንም በሕይወት እስካለ ድረስና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ነው። ሆኖም ሥራው ወጥ የሆነና ግዙፍነት ያገኘ፣ ማለትም የተጻፈ ወይም የተቀረጸ መሆን አለበት። በቃል ብቻ የተነገረ ስንኝ ይህን መስፈርት አያሟላም። ሌላ ሰው በስሙ ቢያስቀርጸው ቀዳሚው ገጣሚ የሚያቀርበው ማስረጃ አይኖረውም።

ጉዳዩ ከመብት ባሻገር የቅርስ ጥያቄም ነው። ኢትዮጵያ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶችን ለመጠበቅ የወጣውን የዩኔስኮ ስምምነት በ1998 ዓ.ም. ማጽደቋ ይታወቃል። የራያ ቆቦ አካባቢ ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የጦርነት ቀጣና ሆኖ መቆየቱም በሰው አእምሮ ብቻ የተቀመጠ ቅርስ ምን ያህል ለአደጋ የተጋለጠ እንደሆነ ያመለክታል። ዘፈኑን የሚያውቀው ሰው ሲሞት ወይም ሲሰደድ ዘፈኑም አብሮት ይሄዳል።

ከዚህ አንጻር በየደረጃው ያሉ የባህል ዘርፍ ባለሙያዎች ሊወስዱት የሚችሉት እርምጃ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ዘፈን ሲቀረጽ ፈቃድ መጠየቅ፣ የዘፋኙን ብቻ ሳይሆን ስንኙን የሰጠውን ሰው ስም፣ ቦታውን፣ ቀኑንና ዘፈኑ የተዜመበትን ምክንያት መዝግቦ መያዝ፣ ቅጂውንም ከአንድ በላይ በሆነ ሥፍራ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ዘፈኑን የፈጠረው «ተቀበል!» የሚለው ድምፅ ከነባለቤቱ ለተከታዩ ትውልድ የሚተላለፈው መዝገቡ ሁለቱንም ሰዎች ሲይዝ ነው።