ቀኝና ግራ ጥርሳችን ምን ይናገራል?

በመስታወት ስናያቸው ቀኝና ግራ ጥርሶቻችን መንታ ይመስላሉ። በመለኪያ ሲለኩ ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ ሚሊሜትር ባነሰ መጠን ይለያያሉ። ልዩነቱም ወጥ አቅጣጫ የለውም፤ አንዱ ሰው ላይ የቀኙ ይሰፋል፣ ሌላው ላይ የግራው።

ተመራማሪዎች ይህን የሚለኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለቱም ጎኖች የሚያድጉት በአንድ ዓይነት ጂን ነው። ስለዚህ ሲለያዩ፣ በዕድገት ላይ የነበረው አካል ትንሽ ተረብሾ ነበር ማለት ነው። መነሻው ሕመም፣ የምግብ እጥረት ወይም እንዲያው አጋጣሚ ሊሆን ይችላል።

ጥርስ ለዚህ ጥናት ይመቻል። አጥንት ዕድሜ ልክ ይታደሳል፤ የጥርስ ኢናሜል ግን አንዴ ከተሠራ በኋላ እንደ አዲስ አይሠራም። የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ ጥርስ ብቅ የሚለው በ6 ዓመት ገደማ ነው። ከድድ በላይ የሚታየው ክፍሉ ግን ድድ ውስጥ ሆኖ መሠራት የሚጀምረው ልጁ በሚወለድበት ሰሞን ሲሆን፣ በ3 ዓመት ገደማ ይጠናቀቃል። ትልቅ ሰው አፍ ውስጥ የሕፃንነት ማስታወሻ አለ ማለት ነው።

በ1970 እ.ኤ.አ. ሃዋርድ ቤይሊትና ባልደረቦቹ አራት ሕዝቦችን አነጻጽረው ነበር፦ የቦስተን ነዋሪዎችን፣ የቡገንቪል ደሴት ናሲዮዮችን፣ የማላይታ ደሴት ክዋዮዎችንና በደቡብ አትላንቲክ የትሪስታን ዳ ኩኛ ደሴት ሰዎችን። ትንሹ ልዩነት የታየው በቦስተኖቹ፣ ትልቁ በትሪስታኖቹ ላይ ነበር።

ታዲያ ይህን ሰምቶ "የእነ እገሌ ዘር ይበልጣል" ማለት ስህተት ነው። መለኪያው ሕዝብን በደረጃ አይደረድርም፤ ልጆቹ ያደጉበት ኑሮ ምን ያህል ከባድ እንደነበር ግን ሊጠቁም ይችላል። ኑሮ ደግሞ ይለወጣል።

የአንድን ሰው ጥርስ አይቶ "በልጅነቱ ተርቧል" ማለትም አይቻልም። ልዩነቱ በጣም ትንሽ ስለሆነ የለኪው እጅ ስህተት ራሱ ሊያክለው ይችላል። ስለዚህ ብዙ ሰው መለካት፣ ያውም ደግሞ ደጋግሞ መለካት ያስፈልጋል። የተጣመመ ወይም የተነባበረ ጥርስም ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚህ የምናወራው ስለ ጥርሱ መጠን እንጂ ስለ አሰላለፉ አይደለም።

እኔ ነርሲንግ ተማሪ ነኝና ከዚህ ሁሉ የምይዘው ጊዜውን ነው። ለመጀመሪያው መንጋጋ ጥርስ ወሳኞቹ ከልደት እስከ 3 ዓመት ያሉት ዓመታት ናቸው። ክትባት፣ ንጹሕ ውኃና በቂ ምግብ ለሕፃን መድረስ ያለባቸው ያኔ ነው፤ ጥርሱ እስኪበቅል ከተጠበቀ ሥራው አልቋል።