ዲሲ ቤት ልትከራዩ ነው? መጀመሪያ የሕንፃውን ፈቃድ እዩ

ኦገስት 18 ቀን 2019 ዋሽንግተን ዲሲ፣ ኬኔዲ ጎዳና ላይ አንድ ቤት ተቃጠለ። የ9 ዓመት ልጅና አንድ ጎልማሳ ሞቱ። ሁለቱም የእኛው ልጆች ናቸው፤ ቤቱ ውስጥ በየክፍሉ ተከራይተው ይኖሩ የነበሩትም ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ቤቱ የኪራይ ፈቃድ አልነበረውም። ከ5 ወር በፊት አንድ ፖሊስ አደጋውን አይቶ ለከተማው ሪፖርት አድርጎ ነበር። ተቆጣጣሪ ቢላክም ውስጥ ሳይገባ ቀረ፣ ክትትሉም በዚያው ቆመ።

ፈቃዱ ምን ይጠይቃል?

ዲሲ ውስጥ ቤት የሚያከራይ ሰው ሁሉ «ቤዚክ ቢዝነስ ላይሰንስ» ማውጣት አለበት። ከአንድ ቤተሰብ በላይ የሚኖርበት ሕንፃ ከሆነ «ሰርተፊኬት ኦፍ ኦኩፓንሲ»ም ያስፈልገዋል። ይህ ወረቀት ሕንፃው ለምን አገልግሎት እንደተፈቀደ ይናገራል፤ ሱቅ ተብሎ የተፈቀደን ቤት በጂፕሰም ከፋፍሎ ለመኝታ ማከራየት አይቻልም። ቤዝመንት ስታዩ ደግሞ ሁለት ነገር ፈልጉ፦ የሚሠራ የጭስ ማስጠንቀቂያ እና እሳት ቢነሳ የምታመልጡበት መስኮት ወይም በር። ሁለቱ ከሌሉ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ይቅርባችሁ።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ምዝገባ ነው። አከራዩ ቤቱን በከተማው የኪራይ ቤቶች ክፍል ካላስመዘገበ ኪራይ መጨመር አይችልም። ከ1976 በፊት የተሠራ ሕንፃ በአብዛኛው የኪራይ ቁጥጥር አለበት (4 ወይም ከዚያ በታች ቤት ብቻ ያለው ግለሰብ ነፃ ሊሆን ይችላል)። ቁጥጥር ባለበት ቤት ጭማሪ የሚፈቀደው በ12 ወር አንዴ ነው፤ መደበኛው ጭማሪ ከ10 በመቶ አያልፍም። ዲፖዚትም ከአንድ ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም።

«የኛ ሰው ነው፣ ወረቀት ምን ያደርጋል» የሚል ነገር ኮሚኒቲው ውስጥ አለ። እኛ ግን የኛ ሰው ከሆነ ፈቃዱን ለማሳየት ጭራሽ መቅለል አለበት እንላለን።

ለማጣራት ስልካችሁ ይበቃል። «ስካውት» የሚባለው የከተማው ድረ ገጽ ላይ አድራሻውን አስገቡ፣ የወጡት ፈቃዶች ይመጡላችኋል። ብልሽት ካለ የሕንፃዎች መሥሪያ ቤቱ፣ «ዲፓርትመንት ኦፍ ቢዩልዲንግስ»፣ ተቆጣጣሪ እንዲልክ ጠይቁ። እንግሊዝኛ ካስቸገራችሁ «አማርኛ» በሉ፤ ከ2004 ጀምሮ ባለው ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች በነፃ አስተርጓሚ ያቀርባሉ።

«ከተናገርኩ ያስወጣኛል» የሚለው ፍርሃት እውነተኛ ነው። ሆኖም ቅሬታ ካቀረባችሁ በኋላ ባሉት 6 ወራት ውስጥ አከራዩ ሊያስወጣችሁ ወይም ኪራይ ሊጨምርባችሁ ከሞከረ፣ ሕጉ መጀመሪያውኑ እንደ በቀል ያየዋል፤ በቀል አለመሆኑን ማስረዳት የእሱ ፋንታ ነው። የተከራዮች ጠበቃ ቢሮው፣ «ኦፊስ ኦፍ ዘ ቴናንት አድቮኬት»፣ በነፃ ያማክራል። የጭማሪ ደብዳቤ የደረሳችሁ ካላችሁ ምንም ነገር ላይ ከመፈረማችሁ በፊት እዚያ አሳዩት።