የልብ አልትራሳውንድ ውጤት ላይ የሚገኙ ቃላትን መረዳት

ኮቪድ-19 በዋናነት የመተንፈሻ አካላትን የሚያጠቃ በሽታ ቢሆንም በአንዳንድ ሕሙማን ላይ ልብንም ሊጎዳ ይችላል። በመሆኑም ካገገሙ በኋላ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የልብ ምት መዛባት ለሚሰማቸው ሰዎች የልብ አልትራሳውንድ (ኢኮ) ሊታዘዝ ይችላል። ምርመራው በድምፅ ሞገድ የሚከናወን በመሆኑ ጨረር የለውም። ውጤቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ስለሚጻፍ ታካሚውን ያለአግባብ ሊያስጨንቀው ወይም ሊያዘናጋው ይችላል። በውጤቱ ላይ በብዛት ከሚገኙት ቃላት መካከል የሚከተሉት ይገኙበታል።

ኢጀክሽን ፍራክሽን (ኢኤፍ)፦ የግራው የታችኛው የልብ ክፍል በአንድ ምት ከያዘው ደም ምን ያህሉን እንደሚረጭ በመቶኛ ይገልጻል። ጤናማ ልብም ቢሆን የያዘውን ደም በሙሉ አይረጭም። ስለዚህ “60 በመቶ” ማለት ቀሪው 40 በመቶ ታሟል ማለት አይደለም። በአዋቂዎች ከ50 እስከ 70 በመቶ ያለው ውጤት በአብዛኛው ጤናማ ነው፤ ከ41 እስከ 49 መጠነኛ መቀነስን፣ 40ና ከዚያ በታች ደግሞ የልብ አቅም መዳከምን ያመለክታል።

ሪገርጂቴሽን፦ የልብ በር በሚገባ ባለመዘጋቱ ደም ወደ ኋላ መመለሱን ያሳያል። “ትሬስ” ተብሎ የሚጻፈው እጅግ አነስተኛ መጠን በጤናማ ሰዎች ላይም ይታያል።

ስቴኖሲስ፦ የልብ በር መጥበብ ነው። በአገራችን በልጅነት በሚከሰት የጉሮሮ ሕመም መዘዝ የሚመጣው ሩማቲክ የልብ ሕመም አንዱ መንስኤ ነው። ስለሆነም በምርመራው የተገኘ ችግር ሁሉ ኮቪድ-19 ያመጣው ነው ማለት አይቻልም።

ፔሪካርዲያል ኢፊውዥን፦ በልብ ዙሪያ ባለው ሽፋን ውስጥ ፈሳሽ መጠራቀሙን ይገልጻል። አነስተኛ ከሆነ ክትትል ብቻ ሊበቃው ይችላል፤ በፍጥነት ወይም በብዛት ከተጠራቀመ ግን ልብን ስለሚጫን አስቸኳይ ሕክምና ያሻዋል።

“ኖርማል” የሚል ውጤትም የልብ ችግርን ሁሉ አያስቀርም፤ ይህ ምርመራ ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርሱት የደም ሥሮች መጥበባቸውን በቀጥታ አያሳይምና። ስለዚህ ታካሚው ውጤቱን ይዞ ወደ ሐኪሙ መመለስ፣ ያልገባውን መጠየቅና የታዘዘለትን መድኃኒት በራሱ ውሳኔ አለማቋረጥ ይኖርበታል። ከባድ የደረት ሕመም፣ በእረፍት ጊዜ የሚከሰት የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን መሳት ካጋጠመ፣ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን፣ ሳይዘገዩ በአቅራቢያ ወደሚገኝ የጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።