የሳምንቱ ብርድና የፍራፍሬ ችርቻሮ ዋጋ
በመካነ ሰላምና በአካባቢው ለሚሠሩ የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት

የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። ሙዝ በዚህ ከፍታ ለገበያ የሚበቃ ፍሬ አይሰጥም፤ አቮካዶም ቢሆን አየሩ አይስማማውም። ስለዚህ በከተማዋ ገበያ የሚታየው ሙዝና አቮካዶ ሁሉ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። የሚመጣውም በሁለት አቅጣጫ ነው። አንደኛው ከቦረና፣ ከወግዲና ከከላላ ቆላዎች፣ ወደ አባይ ከሚወርዱት ወንዞች ዳር፣ በአህያና በሰው ጀርባ ተጭኖ ሽቅብ የሚወጣው ነው። ሁለተኛው በመኪና የሚመጣው ነው። ከአርባ ምንጭ የተነሣ ሙዝ አዲስ አበባ ለመድረስ ከ430 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ከዚያ ደሴ ለመድረስ ሌላ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ከደሴ በአቀስታ በኩል መካነ ሰላም እስኪገባ ደግሞ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል። በጠቅላላው አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው።

የችርቻሮ ዋጋ ሲወደድ የሚሰጠው ምክንያት ብዙውን ጊዜ «አዲስ አበባ ጨመረ» የሚል ነው። ይህ ሐሰት ነው አይባልም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የነዳጅ ዋጋ በተደጋጋሚ ተነሥቷል፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተከሰተው ግጭትም መንገድ በየጊዜው እየተዘጋ ጭነት ቆሟል። ይሁን እንጂ በማኅበር ሱቅ ኪሳራ የሚያመጣው የተገዛበት ዋጋ ብቻ አይደለም። ከተጫነው ፍሬ ውስጥ ስንት ኪሎ በእውነት ተሸጠ የሚለው ጥያቄ ከዚያ ይበልጣል። በደጋ ገበያ ይህን ጥያቄ በአብዛኛው የሚመልሰው የሳምንቱ ብርድ ነው።

ብርድ ሙዝን እንዴት እንደሚጎዳ

ያልበሰለ ሙዝ ከ13 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ለሆነ ቅዝቃዜ ሲጋለጥ ይጎዳል። ቅዝቃዜው በበረታ መጠን ጉዳቱን ለማድረስ የሚፈጀው ሰዓት ያጥራል። በብርድ የተመታ ሙዝ ልጣጩ አመድማ ይሆናል፣ ሲበስል ደማቅ ቢጫ አይሆንም፣ ከዚያም ሳይጣፍጥ ይጠቁራል። ክፋቱ ጉዳቱ በደረሰበት ዕለት ከውጭ አለመታየቱ ነው። አረንጓዴ ሆኖ የገባው ጭነት አረንጓዴ ሆኖ ይራገፋል፤ ከሦስት ወይም ከአራት ቀን በኋላ ይጠቁርና ማኅበሩ ነጋዴውን ይከስሳል። ነገር ግን ጥፋቱ የደረሰው መኪናው በለጋምቦ ደጋ ባደረበት ሌሊት፣ ወይም ሙዙ በሱቁ በረንዳ ላይ በሸራ ብቻ ተሸፍኖ ባደረበት ሌሊት ሊሆን ይችላል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ሰማዩ ጠርቶ የሚያድርባቸው ሌሊቶች በተለይ አስጊ ናቸው።

ጭነት በሚረከቡበት ጊዜ ቀላል ምርመራ ማድረግ ይቻላል። ከልዩ ልዩ የጭነቱ ክፍሎች ጥቂት ፍሬዎችን አንሥቶ የልጣጩን የላይኛውን ሽፋን በጥፍር ወይም በቢላ በስሱ መፋቅ ነው። ከሥሩ ቡናማ መስመሮች ከታዩ ሙዙ ብርድ አግኝቶታል ማለት ነው። ይህ ምርመራ ሒሳቡ ከመከፈሉ በፊት፣ ሾፌሩም ባለበት ይደረግ።

የተረፈውን ለማዳን ደግሞ ማብሰያ ክፍል ያስፈልጋል። ለዚህ ውድ ዕቃ አይጠየቅም። ግድግዳው ወፍራም የጭቃ ምርጊት ያለው፣ ጣሪያው በገለባ ወይም በሌላ ነገር ከሥር የተሸፈነ፣ በሩ የሚገጥም አንድ ጠባብ ክፍል ይበቃል። ዋናው ነገር ሙቀቱን ከ16 እስከ 18 ዲግሪ መካከል መጠበቅ ነው። አየሩ እንዳይደርቅ ወለሉን ውኃ ይረጩታል። ጥቂት የበሰለ ሙዝ ከመሐል ቢቀመጥ ከእርሱ የሚወጣው ኤቲሊን የተባለው ጋዝ ሌላው እኩል እንዲበስል ይረዳል፤ የታመቀው አየር እንዲለወጥም ክፍሉን በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ መክፈት ይገባል። ሙቀት መብዛቱም አይጠቅምም። አርባ ምንጭ አካባቢ በብዛት የሚመረተው የካቨንዲሽ ወገን ሙዝ ከ24 ዲግሪ በላይ ሲበስል ሥጋው ይላላል እንጂ ልጣጩ አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል። ከሞቃት ቆላ በስሎ የመጣውን ሙዝ የከተማው ሸማች «ጥሬ ነው» ብሎ የሚመልሰው አንዳንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

በንግዱ ዓለም በክፍል ውስጥ የነጭ ጋዝ ምድጃ አጭሶ ሙዝ ማብሰል የተለመደ ነው። ጭሱ ኤቲሊን ስላለበት በእርግጥ ያበስላል። ሆኖም የእሳት አደጋ አለው፣ በታፈነ ክፍል ውስጥ ጭሱ ሰው ይገድላል፣ ለፍሬውም ሽታ ይተዋል። ካርባይድም ከመርዛማ ቅልቅሎች ስለማይጸዳ ለምግብ ማብሰያ አይሆንም። ማኅበራት ሁለቱንም እንዳይሞክሩ የልማት ሠራተኞች አጥብቀው ማስረዳት አለባቸው።

አቮካዶ በብርድ ወራት

አቮካዶ ከሙዝ የሚለይበት ጠባይ አለው። ዛፉ ላይ እንዳለ አይበስልም፤ የሚላላው ከተቀጠፈ በኋላ ነው። ሙቀቱ 20 ዲግሪ በሆነ ቦታ ከአንድ ሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይላላል፤ በመካነ ሰላም የቀዘቀዘ ክፍል ግን ከዚህ ይዘገያል። ይህ መዘግየት ለቸርቻሪ ዕድል ነው። ሐስ የተባለው ዝርያ ሙዝ የማይችለውን ቅዝቃዜ ይችላል፤ ልጣጨ አረንጓዴዎቹ ዝርያዎች ግን ከእርሱ ይልቅ ለብርድ ስሱ ስለሆኑ ከውርጭ መጠበቅ አለባቸው። በመሆኑም ብርድ በሚጠናባቸው ሳምንታት ሙዝ ቀንሶ አቮካዶ ጨምሮ ማዘዝ፣ ሞቅ ባሉት ሳምንታት ይህን መገልበጥ ያዋጣል። በዓመት ሙሉ አንድ ዓይነት ትዕዛዝ የሚልክ ማኅበር በኅዳርና በታኅሣሥ ሙዝ መጣሉ አይቀርም።

አቮካዶን የሚያጠፋው ብዙውን ጊዜ ያለጊዜው መቀጠፉና አለቃቀሙ ነው። ዋጋ ሲወደድ ያልደረሰ ፍሬ ተለቅሞ ይቀርባል፤ እንዲህ ያለው እንደ ጎማ ሆኖ ይጨማደዳል እንጂ አይላላም። ስለሆነም ከአንድ ገበሬ ብዙ ከመግዛት በፊት ሦስት ወይም አራት ፍሬ ወስዶ በክፍል ውስጥ ማቆየትና ሳይጨማደድ መላላቱን ማየት ይጠቅማል። ፍሬው በዱላ ተመትቶ መውረድ የለበትም፤ አጭር ጉቶ አስቀርቶ በመቀስ ይቆረጣል። በወደቀበት ጊዜ የማይታየው ምት ሲበስል ጥቁር ሆኖ ይወጣል። የበሰለ ሙዝ ካለበት ክፍል አብሮ ቢቀመጥ ቶሎ ይላላል፤ ስለዚህ ለሚቀጥለው ገበያ የታሰበውን ለይቶ ማስቀመጥ፣ ለነገ የሚፈለገውን ግን ሆን ብሎ ከሙዙ ጋር ማድረግ ይቻላል።

የቆላው ገበሬ ፍሬውን በጆንያ አጭቆ በአህያ ሲያወጣ ግማሹ እየተፈጨ ይደርሳል። ገለባ የተነጠፈበት ቅርጫት ይሻላል። ከ1,500 ሜትር ተነሥቶ 2,600 ሜትር ሲደርስ ፍሬው በአንድ ቀን ወደ 6 ወይም 7 ዲግሪ ያህል ወደሚቀዘቅዝ አየር ገብቷል፤ ምሽት ላይ ከሜዳ ማደር አይገባውም።

የኪሎው ሒሳብ

ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለስሌት ምቾት የተወሰዱ እንጂ የየትኛውም ሳምንት የገበያ ዋጋ አይደሉም። አንድ ማኅበር 500 ኪሎ ሙዝ ከነዘለላው ግንድ በኪሎ 40 ብር ገዛ እንበል፤ ብር 20,000 ነው። ለማጓጓዣና ለጫኝና አውራጅ ብር 3,000 ከፈለ። ሒሳብ ሹሙ 23,000ን ለ500 አካፍሎ ብር 46 ያገኛል፤ 4 ብር ትርፍ ጨምሮ በ50 ብር እንዲሸጥ ያዛል። አሁን ግን ሚዛኑ ይናገር። የዘለላው ግንድ 50 ኪሎ፣ በመድረቅ የጠፋው 20 ኪሎ፣ የተበላሸው 55 ኪሎ ቢሆን ለሽያጭ የሚቀረው 375 ኪሎ ነው። በ50 ብር ሲሸጥ ብር 18,750 ይገኛል። ማኅበሩ «በትርፍ ሸጥኩ» እያለ ብር 4,250 ከስሯል። ትክክለኛው የኪሎ ወጪ ብር 61 ከ33 ሳንቲም ነበር።

ያው ጭነት በብርድ ሳምንት ተጨማሪ 75 ኪሎ ቢጠቁርበት የሚሸጠው 300 ኪሎ፣ የአንዱ ኪሎ ወጪም ወደ ብር 77 ገደማ ይሆናል። በዚህ ዋጋ የሚገዛ ሰው የለም፤ ዋጋ በመጨመር የሚወጡት ችግር አይደለም ማለት ነው። ነገር ግን 1,000 ብር ለማብሰያ ክፍሉ አውጥቶ ያን 75 ኪሎ ያዳነ ማኅበር ወጪው በኪሎ 64 ብር ላይ ይቆማል።

ዋጋ በሳምንቱ ውስጥም አንድ ዓይነት መሆን የለበትም። የላላውን አቮካዶ በሁለተኛው ቀን ትንሽ ቀንሶ መሸጥ በአራተኛው ቀን ከመድፋት ይሻላል። ጭማቂ ቤቶች ለስፕሪስ የሚፈልጉት የላላውን ስለሆነ ከእነርሱ ጋር የሳምንት ውል መያዝ ጥሩ ነው፤ መብራት በጠፋበት ሳምንት ግን መፍጫቸው እንደሚቆም አይዘነጋ።

የሳምንቱ ትዕዛዝ

የቆላው ሙዝና የመኪናው ሙዝ በአንድ ገበያ ቀን ሲገናኙ ዋጋ ይወድቃል፤ የሚጎዳውም በአህያ የመጣው ገበሬ ነው፤ ይዞ ሊመለስ አይችልማ። ማኅበሩ ከጫኙ ነጋዴ መኪናው የሚነሣበትን ቀን አስቀድሞ ጠይቆ፣ በዚያ ሳምንት ከቆላ አባሎቹ ጥሬውን ብቻ ገዝቶ በክፍሉ ቢያቆይ፣ መኪና በሚቀርበት ሳምንት ያወጣዋል። በክረምት ወራት የቆላው መውጫ መንገድ ስለሚያንሸራትት ከዚያ በኩል የሚመጣው ይቀንሳል፤ የትዕዛዙ መጠን ይህንም ያስብ።

ወደ ፍላጎቱ ስንመጣ በዚህ አካባቢ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ የሚኖር በመሆኑ የሁለቱንም ጾም መቁጠር ግድ ነው። በ2017 ዓ.ም. ዓቢይ ጾምና ረመዳን በየካቲት ወር በአንድ ሳምንት ልዩነት ውስጥ ተከታትለው ገብተዋል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ስለሚገባ ሁልጊዜ እንዲህ አይገጥሙም፤ በ2019 ዓ.ም. ረመዳን በየካቲት መባቻ አካባቢ፣ ዓቢይ ጾም ደግሞ የካቲት 29 ቀን ላይ ስለሚውል አንዱ ሊያልቅ ሲል ሌላው ይጀምራል። በእንዲህ ያለ ዓመት ወደ ሦስት ወር የሚጠጋ የማያቋርጥ ሳምንታዊ ትዕዛዝ ያስፈልጋል እንጂ አንድ ትልቅ ጭነት አያዋጣም።

ይህን ሁሉ በግምት ላለመሥራት በሱቁ ግድግዳ ላይ አንድ ደብተር ይሰቀል። የገባው ኪሎ፣ የግንዱ ክብደት፣ የተጣለው ኪሎ፣ የተሸጠበት ዋጋ፣ በማከማቻው ሌሊት የታየው ዝቅተኛ ሙቀት በየቀኑ ይጻፍበት። ዝቅተኛና ከፍተኛ የሚያሳይ ቴርሞሜትር ከአንድ ዘለላ ሙዝ ብዙም አይወደድም። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን የአሥር ቀን የአየር ትንበያ የልማት ሠራተኛው ትዕዛዝ ከመላኩ በፊት ለማኅበሩ ያንብብ። መዝገቡን ለመጀመር የሚመቸው ጊዜ መስከረም ነው፤ የጥቅምት ብርድ ሲገባ የአራት ሳምንት ማነጻጸሪያ በእጅ ይኖራል።