የከብትን እበት ለምድጃም ለማሳም ስለ ማዋል

ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ብትመለከቱ በየአጥሩ ሥር የኩበት ክምር ታያላችሁ። ወጥ የሚሠራውም እንጀራ የሚጋገረውም በእርሱ ነው። ዛፍ በራቀበት ደጋ ኩበት የሚያነደውን ሰው ልንወቅሰው አይገባም፤ ሌላ ምን ያንድድ? ነገር ግን ያ ኩበት የገብሱና የስንዴው ማሳ ምግብ ነበር። እበት ሲነድ፥ ለአዝመራው እድገት የሚያስፈልገው ናይትሮጅን የተባለው ንጥረ ነገር ከጢሱ ጋር ይሄዳል፤ የሚቀረው አመድ ነው። ገበሬውም በጢስ የሰደደውን ናይትሮጅን በክረምት መግቢያ ዩሪያ ብሎ በገንዘቡ ይገዛል።

እንግዲህ አንዱን እበት ለምድጃም ለማሳም ማዋል ይቻላልን? ይቻላል፤ መንገዱም ባዮጋዝ ይባላል።

ሥራውን የሚሠሩት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ሊጥ ያቦካች እናት ነገሩን ከእኛ ይልቅ ታውቀዋለች፤ እርሾው ሊጡ ውስጥ ሲገባ አረፋ ይነሣል፤ አረፋውም ጥቃቅን ሕያዋን ሊጡን ሲበሉ የሚያወጡት ጋዝ ነው። የሊጡ ጋዝ አይነድም። እበት ግን አየር በማይገባበት ጉድጓድ ሲቀመጥ፥ አንደኛው ዓይነት ባክቴሪያ የሣሩን ትራፊ አፍርሶ ወደ አሲድ ይለውጠዋል፤ ሁለተኛው ዓይነት ደግሞ አሲዱን እየበላ ሜቴን የተባለውን የሚነድ ጋዝ ይሰጣል። እነዚህ ሁለተኛዎቹ ከከብቱ ሆድ ከእበቱ ጋር ስለሚመጡ በገንዘብ አይገዙም። አየር ካገኛቸው ግን ይሞታሉ። ጉድጓዱ በድንጋይና በሲሚንቶ ተሠርቶ ጣሪያው እንደ ድፍን ቅል የሚዘጋው ስለዚህ ነው።

በአገራችን ሥራው መጀመሪያ የተሞከረው በአምቦ እርሻ ኮሌጅ ነው። ወደ ገበሬው ቤት በብዛት የገባው ግን ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በአማራ፥ በኦሮሚያ፥ በትግራይና በደቡብ ክልሎች ከተጀመረ በኋላ ነው። ከ2009 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. በነበረው የመጀመሪያ ምዕራፍ 14,000 ጉድጓዶች ታቅደው ከ8,000 ጥቂት የሚበልጡ ተሠርተዋል። «ስንዱ» የተባለው አሠራር የተወሰደው እንደ እኛ ተራራማ ከሆነችው ከኔፓል ነው።

አሁን ስለ ስሜን ደጋ እውነቱን እንናገር። ባክቴሪያዎቹ ደኅና አድርገው የሚሠሩት ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን ነው። ከ15 በታች ሲወርድ ይደክማሉ፤ ወደ 10 ሲጠጋ ሥራቸውን ሊያቆሙ ምንም አይቀራቸው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት። ስለዚህ ሊማሊሞን ወርዶ ዛሪማ ያለ ሰው፥ ደባርቅ ካለ ሰው ጋር እኩል ከብት ቢኖረው እንኳ የበለጠ ጋዝ ያገኛል። በታኅሣሥና በጥር ውርጭ ሰሞን ምድጃችሁ ቢደክም ግንበኛውን አትጥሩ፤ የደከሙት ባክቴሪያዎቹ ናቸው።

ብርዱን መከላከያው ቀላል ነው። ጉድጓዱን ፀሐይ ቀኑን ሙሉ በሚያገኘው ቦታ፥ በተለይም ከቤቱ በስተ ደቡብ ቆፍሩ። ጣሪያውን አፈር ካለበሳችሁ በኋላ ገለባና ጉድፍ ከምሩበት፤ ክምሩ ሲበሰብስ ይሞቃል። እኔ ያየሁት አንድ ጉድጓድ በባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ተቆፍሮ ነበር፤ ፀሐይ ማጣቱ ሳያንስ ሥሩ ግንቡን ሰነጠቀውና ጋዙ ሁሉ ወጣ። የባለቤቱ ሚስት ወደ ኩበቷ ተመለሰች፤ ትክክልም ነበረች።

ስሌቱ ይህ ነው። አራት ከብቶች ሌሊት በጋጣ ሲያድሩ፥ በነፍስ ወከፍ 6 ኪሎ ቢጥሉ 24 ኪሎ እርጥብ እበት ይሆናል። በእኩል መጠን ውኃ በጥብጣችሁ ታስገባላችሁ። ሙቀት ባለበት አገር አንድ ኪሎ እበት 40 ሊትር ያህል ጋዝ ስለሚሰጥ 960 ሊትር ታገኛላችሁ፤ አንድ ምድጃ በሰዓት 400 ሊትር ቢፈጅ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይነዳል። በደጋ ከዚህ ያነሰ ጠብቁ። ጋዝ ሲያንስ እበት መጨመር የብዙ ሰው ስሕተት ነው፤ አዲሱ እበት ያልተብላላውን እየገፋ ያስወጣዋል። ባለ 6 ሜትር ኩብ ጉድጓድ በቀን 48 ሊትር ብቻ ቢገባበት እበቱ ውስጡ ከሁለት ወር በላይ ይቆያል፤ የብርድ አገር ባክቴሪያም ይህን ያህል ጊዜ ይፈልጋል።

መጀመሪያ ለመሙላት 2,000 ኪሎ ያህል እበት ስለሚያስፈልግ ጎረቤት በደቦ ቢያግዛችሁ መልካም ነው። ከሚሠራ ጉድጓድ ጥቂት ጀሪካን ዝቃጭ አምጥታችሁ ብትጨምሩበት ልክ እንደ እርሾ ያፈጥነዋል። መጀመሪያ የሚወጣው ጋዝ ከአየር የተቀላቀለ ስለሆነ ክብሪት ሳትጭሩ ልቀቁት። ጽዳት ቢያስፈልግ ማንም ሰው ጉድጓዱ ውስጥ አይግባ፤ አየር የለበትምና ይገድላል።

የልማት ሠራተኞች ሆይ፥ እንጀራን በተመለከተ ለእናቶች የማይሆን ተስፋ አትስጡ። ተራው የጋዝ ምድጃ ለወጥ፥ ለቡናና ለሽሮ ይበቃል፤ ሰፊውን ምጣድ እኩል ለማጋል ግን አቅሙ አይበቃም። ስለዚህ ለመጋገሪያ ጥቂት ኩበት ወይም ጭራሮ ይቀራል። ያም ሆኖ በየቀኑ ዓይን የሚያጠፋው ጢስ ይቀንሳል።

ለእኔ ከጋዙ ይልቅ የሚበልጠው በመውጫው በኩል የሚፈሰው ዝቃጭ ነው። ባክቴሪያዎቹ የወሰዱት የሚነደውን ካርቦን ስለሆነ ናይትሮጅኑና ፎስፎረሱ ከሞላ ጎደል በዝቃጩ ውስጥ ይገኛሉ። በፀሐይ ላይ ከተሰጣ ግን ናይትሮጅኑ ይተንናል፤ ስለዚህ በጥላ ሥር ከገለባ ጋር እያነባበራችሁ ከምሩት፥ ወይም እርጥቡን ወደ ድንች ማሳ ወስዳችሁ ወዲያው አፈር አልብሱት።

ግንበኛ ከመጥራታችሁ በፊት ሰባት ጧት የጋጣውን እበት መዝኑ። የምትመዝኑትም ሣር በጠገበበት በጥቅምት ሳይሆን መኖ በሚያልቅበት በሚያዝያ ይሁን። ውኃውንም እንዲሁ ቁጠሩ፤ ምንጩ ከግማሽ ሰዓት መንገድ በላይ ከራቀ ሸክሙ የሚወድቀው በሴቶቹ ጀርባ ላይ ነው። የጋጣው ወለል ድንጋይ ተነጥፎበት ሽንቱ ቢጠራቀም የውኃውን ከፊል ይተካል። እበቱ በሚያዝያ 20 ኪሎ ካልሞላ ግን ጉድጓዱ ለጊዜው ይቆይ፤ ያላችሁን እበት ከቅጠልና ከገለባ ጋር ኮምፖስት አድርጉት።