አንድ ክፍተት፣ ብዙ ስም፦ ቃኚ ሶፍትዌሮች ተጋላጭነትን በቁጥር የሚለዩት እንዴት ነው?

በምሥራቅ ጎጃም የምትገኘውን ወረዳ አንዱ ጸሐፊ «ደብረ ኤልያስ»፣ ሌላው ሁለቱን ቃላት አጋጥሞ «ደብረኤልያስ»፣ ሦስተኛው በመካከል ጭረት አስገብቶ «ደብረ-ኤልያስ» ብሎ ይጽፋታል። በዚያው ዞን ያለችው ቢቸናም «ብቸና» ተብላ የምትጻፍበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በላቲን ፊደል ሲሆን ደግሞ ልዩነቱ ይብሳል። ሰው እነዚህን ሁሉ አንብቦ አንድ ቦታ መሆናቸውን ለመረዳት አይቸገርም። ለኮምፒዩተር ግን አንዲት ክፍት ቦታ ራሷን የቻለች ምልክት ስለሆነች፣ ሦስቱ አጻጻፎች ሦስት የተለያዩ ወረዳዎች ናቸው። የክትባት መዝገብንና የሕዝብ ቁጥር መዝገብን በስም ብቻ ለማገጣጠም የሞከረ ሰው፣ ሕፃናቱ የተከተቡበትን ወረዳ በሌላው መዝገብ ፈልጎ ያጣዋል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ በሚያሰራጫቸው የኢትዮጵያ የካርታ መረጃዎች ውስጥ ክልሉም፣ ዞኑም፣ ወረዳውም ከስሙ ጎን መለያ ኮድ የሚይዘው በዚህ ምክንያት ነው። የአማራ ክልል ኮድ «ኢቲ03» ሲሆን፣ በሥሩ ያሉት ዞኖችና ወረዳዎች ይህንኑ አስቀድመው የየራሳቸውን አኃዝ ይጨምራሉ።

የኮምፒዩተር ደኅንነት ባለሙያዎች በ1990ዎቹ የገጠማቸው ችግር ከዚህ ጋር አንድ ዓይነት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።) ተጋላጭነት የምንለው ሶፍትዌር ሲጻፍ በተሠራ ስሕተት ምክንያት ያልተፈቀደለት ሰው እንዲገባ፣ መረጃ እንዲያነብ ወይም ሥራ እንዲያስተጓጉል በር የሚከፍተውን ጉድለት ነው። በዚያን ጊዜ እያንዳንዱ የቅኝት ሶፍትዌር አምራች ለአንድ ጉድለት የራሱን ስም ያወጣ ነበር። ሁለት መሣሪያዎች የሰጡትን ዝርዝር ጎን ለጎን ያስቀመጠ ባለሙያ፣ የተነገረው ስለ አንድ ክፍተት ይሁን ስለ ሁለት የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ማይተር በተባለው የአሜሪካ ተቋም ይሠሩ የነበሩት ዴቪድ ማንና ስቲቨን ክሪስቲ በጃንዋሪ 1999 አንድ የጋራ ዝርዝር እንዲኖር ሐሳብ አቀረቡ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ዝርዝሩ 321 ተጋላጭነቶችን ይዞ ወጣ። «ሲቪኢ» የሚባለው መለያ ትውልዱ ይህ ነው።

አንድን ምሳሌ ቀረብ ብለን እንመልከት። መጋቢት 29 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ማለትም አፕሪል 7 ቀን 2014፣ «ኦፕን ኤስኤስኤል» በተባለው የምስጠራ ሶፍትዌር ውስጥ ያለ ክፍተት ለዓለም ተገለጸ። ሕዝብ የሚያውቀው «ሃርትብሊድ» በሚል ቅጽል ስሙ ነው። ክፍተቱ ማንም ከሩቅ ሆኖ ከአገልጋዩ ኮምፒዩተር የማስታወሻ ክፍል በአንድ ጥያቄ እስከ 64 ኪሎባይት እንዲቀዳ ያስችል ነበር፤ በዚያ ውስጥ የይለፍ ቃልም የምስጠራ ቁልፍም ሊገኝ ይችላል። መለያው «ሲቪኢ-2014-0160» ነው። የመጀመሪያው አኃዝ ዓመቱን፣ ሁለተኛው ተራ ቁጥሩን ያመለክታል። ቁጥሩ የስሕተቱን ክብደት እንደማይናገር ልብ ይሏል፤ ክብደት ከ0 እስከ 10 በሚደርስ ሌላ መለኪያ ለብቻው ይሰጣል። ዓመቱም ቢሆን ቁጥሩ የተመደበበት ወይም ክፍተቱ የተገለጸበት እንጂ ስሕተቱ የተወለደበት አይደለም።

ይህን ክፍተት የጉግል ባለሙያና የፊንላንዱ የኮዴኖሚኮን ድርጅት መሐንዲሶች እርስ በርስ ሳይተዋወቁ ስላገኙት፣ ሌላ ቁጥርም ተሰጥቶት ነበር፤ «ሲቪኢ-2014-0346»። ይህ ቁጥር ዛሬ በዝርዝሩ ላይ ተደጋጋሚ መሆኑ ተገልጾ የተሰረዘ ሆኖ ይነበባል። ተቃራኒውም በዚያው ዓመት ደርሷል። በሴፕቴምበር የተገለጸው «ሼልሾክ» በሰው አፍ አንድ ስም ቢኖረውም፣ በዝርዝሩ ላይ ስድስት ቁጥሮችን ይዟል። እንግዲህ ስም ለወሬ ይመቻል፤ ለሥራ የሚያገለግለው ቁጥሩ ነው።

ወደ ዋናው ጥያቄ እንለፍ። ቃኚው ሶፍትዌር በአንድ ኮምፒዩተር ፊት ቆሞ «ይህ ማሽን ሲቪኢ-2014-0160 አለበት» ለማለት የሚበቃው በምን መንገድ ነው? ክፍተቱን «ያየዋል» ብሎ መናገር ልማድ ሆኗል። በእርግጥ የሚያየው ግን አልፎ አልፎ ብቻ ነው። በሃርትብሊድ ጊዜ ይህ ይቻል ነበር፤ ቃኚው ርዝመቱ የተዛባ መልእክት ይልክና አገልጋዩ መመለስ ከሚገባው በላይ ከመለሰ ክፍተቱ መኖሩ በተግባር ይረጋገጣል። እንዲህ ያለው ፍተሻ አስተማማኝ ቢሆንም ለእያንዳንዱ ክፍተት ለብቻው መጻፍ አለበት፤ አንዳንዴም የሚፈተሸውን አገልግሎት ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ አብዛኛው ቅኝት በግምት ላይ የተመሠረተ ነው። መሣሪያው አገልጋዩን «ማን ነህ? ስንተኛ እትም ነህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ወይም ፈቃድ ከተሰጠው ወደ ማሽኑ ገብቶ የተጫኑትን ሶፍትዌሮች ዝርዝር ያነባል። ከዚያም ያገኘውን ስምና የእትም ቁጥር፣ የትኛው ሶፍትዌር የትኛው እትም በየትኛው ሲቪኢ እንደሚጠቃ ከሚናገር መዝገብ ጋር ያስተያያል። መልሱ የንጽጽር ውጤት ነው ማለት ነው።

መዝገቡን የሚያዘጋጀው ደግሞ ሰው ነው። በ1998 የተጀመረው «ኔሰስ»ም ሆነ፣ ኔሰስ በ2005 ምንጩን ለሕዝብ መስጠት ሲያቆም ከእርሱ የተወለደው «ኦፕንቫስ» የሚሠሩት በብዙ ሺህ ትናንሽ የፍተሻ ጽሑፎች ነው። እያንዳንዱ ጽሑፍ በራስጌው ላይ የሚመለከቱት የሲቪኢ ቁጥሮች ተዘርዝረውበታል። አንድ ፍተሻ አንድ ቁጥር ብቻ ይዞ ሊገኝ ይችላል፤ አንድ የሶፍትዌር ማሻሻያ በአንድ ጊዜ 12 ክፍተቶችን የሚደፍን ከሆነ ግን ያ ማሻሻያ አለመጫኑን የሚያየው ፍተሻ 12 ቁጥሮችን ይይዛል። ታዲያ አንደኛው መሣሪያ ይህን «አንድ ግኝት»፣ ሌላው «12 ግኝቶች» ብሎ ቢቆጥረው ሁለቱም አልዋሹም። የሁለት መሣሪያዎችን ድምር አወዳድሮ «የትኛው መሥሪያ ቤት ይበልጥ ተጋላጭ ነው» የሚል ፍርድ የሚሰጥ ኃላፊ ግን ፍርዱ ከንቱ ነው።

ሌሎች መሣሪያዎች የፍተሻ ጽሑፍ ሳይጠብቁ በቀጥታ በስም ያገጣጥማሉ። የአሜሪካ ብሔራዊ የተጋላጭነት መረጃ ቋት እያንዳንዱን ሲቪኢ ከተጠቂው ምርት ጋር የሚያያይዘው «ሲፒኢ» በሚባል ወጥ አጻጻፍ ነው፤ አምራች፣ ምርት፣ እትም በቅደም ተከተል። የደብረ ኤልያስ ችግር ተመልሶ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። «ኤንጂንኤክስ» የተባለው የድረ ገጽ አገልጋይ ሶፍትዌር በዚህ አጻጻፍ አንድ ጊዜ በጸሐፊው በኢጎር ሲሶየቭ ስም፣ ሌላ ጊዜ በራሱ በኤንጂንኤክስ ስም፣ «ኤፍ5» የተባለው ኩባንያ በ2019 ከገዛው በኋላ ደግሞ በኤፍ5 ስም ተመዝግቦ ይገኛል። አንዱን ስም ብቻ የሚያውቅ ቃኚ የቀሩትን ክፍተቶች ሳያይ ያልፋል። በቅኔ ቤት «ሠረቀ» ወጣ፣ «ሰረቀ» ደግሞ የሌላውን ወሰደ ማለት መሆኑን የተማረ ሰው፣ አንዲት ፊደል ምን ያህል ልታሳስት እንደምትችል ማስረጃ አያሻውም። ልዩነቱ የቅኔ ተማሪ በዐረፍተ ነገሩ አገባብ ስሕተቱን ሊያርም መቻሉ ነው፤ ቃኚው አገባብ አያውቅም። የእትም ቁጥርም የራሱ ወጥመድ አለው። ቁጥሮቹን እንደ ቃል በፊደል ተራ የሚደረድር ፕሮግራም 1.10ን ከ1.9 በፊት ያስቀምጠዋል፤ በእውነቱ ግን 1.10 አዲሱ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሰውን የሚያደክመው ግን ሌላ ነው። ኦፕን ኤስኤስኤል የሃርትብሊድን ክፍተት የደፈነው በ1.0.1ጂ እትም ነው፤ ከ1.0.1 እስከ 1.0.1ኤፍ ያሉት ተጠቂ ነበሩ። የዴቢያን ሊኑክስ 7ኛ እትም አዘጋጆች ግን ወደ አዲሱ እትም አልተሻገሩም። እትም መቀየር በላዩ የተገነቡ ሌሎች ፕሮግራሞችን ሊያፋልስ ስለሚችል፣ ማረሚያዋን ብቻ ወስደው በያዙት በ1.0.1ኢ ላይ ሰፉት፤ ከዚያም በእትሙ ስም ጅራት ላይ «ደብ7ዩ5» የሚል ጨመሩ። ሬድ ሃትም እንዲሁ አድርጓል። አገልጋዩን ከሩቅ የሚጠይቅ ቃኚ የሚሰማው «1.0.1ኢ» የሚለውን ብቻ ከሆነ፣ የተደፈነውን ማሽን «ተጠቂ ነው» ብሎ ይመዘግባል። ወደ ማሽኑ ገብቶ ጅራቱን ያነበበና ከዴቢያን የራሱ የደኅንነት መዝገብ ጋር ያስተያየ ቃኚ ደግሞ «ንጹሕ ነው» ይላል። ማሽኑ አንድ፣ ቀኑ አንድ፣ መልሱ ግን ሁለት!

በአንድ ኮሌጅ ወይም በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ብቻውን የሚሠራ የኮምፒዩተር ባለሙያ ቢሆኑስ? በጠረጴዛዎ ላይ 140 ቀይ ምልክቶች ያሉት ሪፖርት ተቀምጧል። ግማሹ በዚህ ምክንያት የመጣ ሐሰተኛ ማስጠንቀቂያ ከሆነ፣ ሁለት ሳምንት የተደፈነ ቀዳዳ ሲደፍኑ ይከርማሉ፤ እውነተኛው ክፍተት በዝርዝሩ 97ኛ ተራ ላይ ተራውን ይጠብቃል። በሦስተኛው ወር ደግሞ ሪፖርቱን ማንበብ ራሱ ይቀራል። በእኔ አስተያየት የመሣሪያዎቹ ትልቁ ጉዳት አንድን ክፍተት መሳታቸው ሳይሆን አንባቢያቸውን ማሰልቸታቸው ነው።

መሳታቸውም ግን ቀላል አይደለም። በዲሴምበር 2021 «ሎግ4ጄ» በተባለ የጃቫ መሣሪያ ውስጥ የተገለጸው «ሲቪኢ-2021-44228» ለዚህ ምስክር ነው። ሎግ4ጄ ለብቻው የሚጫን ፕሮግራም ሳይሆን በሌሎች ፕሮግራሞች ሆድ ውስጥ ታሽጎ የሚኖር ነው፤ አንዳንዴም ጥቅሉ በሌላ ጥቅል ውስጥ ይታሸጋል። የተጫኑትን ሶፍትዌሮች ዝርዝር ብቻ የሚያነብ ቃኚ በዝርዝሩ ላይ ስሙን ስላላገኘ በዝምታ አለፈው። የአገራችን ጤና ሚኒስቴር የጤና መረጃ የሚሰበስብበት «ዲኤችአይኤስ2»ም በጃቫ የተጻፈ በመሆኑ፣ ነገሩ የባሕር ማዶ ወሬ ብቻ አልነበረም።

ከዚህ የሚከፋው ቁጥር ያልወጣለት ክፍተት ነው። በየካቲት 2006 ዓ.ም. በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ፣ ከአገር ውጭ ይኖሩ የነበሩ የኢሳት ጋዜጠኞች «ሃኪንግ ቲም» የተባለ የጣሊያን ኩባንያ በሚሸጠው የስለላ ሶፍትዌር ዒላማ መደረጋቸውን አስታወቀ። በጁላይ 2015 ኩባንያው ራሱ ተሰብሮ የውስጥ ሰነዶቹ አደባባይ ወጡ፤ ከደንበኞቹ አንዱ የኢትዮጵያ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ እንደነበረም በዚያ ታየ። ከሰነዶቹ ጋር «አዶቤ ፍላሽ» በተባለው ሶፍትዌር ውስጥ ያለ፣ አምራቹ ራሱ የማያውቀው ክፍተት ተገኘ። ይህ ክፍተት በጋዜጠኞቹ ላይ ውሏል ማለቴ አይደለም። ነጥቡ ሌላ ነው፦ «ሲቪኢ-2015-5119» የሚለው ቁጥር የታወጀውና ማረሚያው የወጣው ሰነዶቹ ከወጡ በኋላ፣ ጁላይ 8 ቀን ነበር። ከዚያ በፊት በዓለም ላይ የነበረ ማንኛውም በስምና በቁጥር የሚያገጣጥም ቃኚ፣ ፍላሽ የተጫነበትን ኮምፒዩተር ቢመረምር ስለዚህ ክፍተት የሚለው ነገር አልነበረውም።

ቁጥሮቹስ ከየት ይመጣሉ? ዛሬ የሚሰጡት ማይተርና ሥልጣን የተሰጣቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ አምራቾችና ተቋማት ናቸው። ተራ ቁጥሩ እስከ 2013 ድረስ በአራት አኃዝ የተወሰነ ስለነበር በዓመት ከ9,999 ማለፍ አይችልም ነበር፤ ከ2014 ጀምሮ ይህ ገደብ ተነሣ። ደግ አደረጉ፤ በ2024 ብቻ ከ40,000 በላይ ወጥተዋል። በዚያው ዓመት ከፌብሩዋሪ ጀምሮ የአሜሪካው መረጃ ቋት ሥራው በዝቶበት፣ ለብዙ ሺህ ቁጥሮች የምርትና የእትም መግለጫ ሳይጨምር ቀረ። መግለጫ የሌለው ቁጥር ደግሞ በመግለጫው ለሚያገጣጥም ቃኚ እንደሌለ ይቆጠራል። በአፕሪል 2025 የባሰ ነገር ተሰማ፤ የማይተር ውል የሚያበቃበት ቀን ደርሶ ሳለ ገንዘቡ አልታደሰም ነበር። የአሜሪካ መንግሥት በመጨረሻው ሰዓት ውሉን በ11 ወር አራዘመው። በዓለም ሁሉ ያሉ መሣሪያዎች የሚነጋገሩበት ቋንቋ በአንድ አገር በጀት ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ብዙዎች ያስተዋሉት ያን ጊዜ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረትም በቀጣዩ ወር የራሱን መዝገብ ይፋ አደረገ።

ይህን በተግባር ማየት የሚሻ ተማሪ ዴቢያን ሊኑክስ በተጫነበት በገዛ ኮምፒዩተሩ ላይ «ዴብሴካን» የተባለውን ነፃ መሣሪያ ሊሞክር ይችላል። የሰው ኮምፒዩተር ላይ ግን አይሞክር፤ ያለ ፈቃድ ወደ ሌላው የኮምፒዩተር ሥርዓት መግባት በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል። መሣሪያው ረዥም የሲቪኢ ዝርዝር ያወጣል። ከዝርዝሩ አንድ ቁጥር ይምረጥና በዴቢያን የደኅንነት መዝገብ ላይ ይፈልገው፤ ከዚያም የተጫነውን እትም እስከ ጅራቱ አንብቦ በመዝገቡ ላይ «ተስተካክሏል» ከሚለው እትም ጋር ያስተያየው። ይህን በአሥር ቁጥሮች ላይ ከደገመ ስንቱ ማረሚያ እንዳለው፣ ስንቱ አዘጋጆቹ አነስተኛ ነው ብለው ያቆዩት እንደሆነ፣ ስንቱም ማሽኑ ከቶ በማይጠቀምበት የፕሮግራሙ ክፍል ውስጥ እንደሚገኝ በራሱ እጅ ይቆጥረዋል።