ዘሩን የሚመርጠው ማነው?
የገበሬውና የተመራማሪው የጋራ ሥራ በድርቅ አካባቢዎች

ድርቅ በደረሰበት አካባቢ የመጀመሪያው ጥያቄ የሚበላ እህል ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ዝናቡ በተመለሰ ጊዜ የሚዘራ ዘር ነው። ገበሬው በሬውን ሽጦ፣ የቤት ዕቃውን አውጥቶ፣ ሌላ የሚሸጠው ሲያጣ በመጨረሻ እጁን የሚዘረጋው ለዘር ወዳስቀመጠው እህል ነው። ይህን ዘር የበላ ቤተ ሰብ የዕርዳታ እህል ቢደርሰውም እንኳ በሚቀጥለው ክረምት መሬቱ ጦም ማደሩ አይቀርም። በ1965 እና 66 ዓ.ም.፣ ከዚያም በ1977 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ የደረሰው ረሀብ ይህንኑ በግልጽ አሳይቷል።

በመሆኑም የዘር ዕርዳታ ከእህል ዕርዳታ ተለይቶ ሊታይ አይገባውም። ይሁን እንጂ ዘር እንደ እህል በኩንታል ብቻ የሚመዘን አይደለም። አንድ ኩንታል የዕርዳታ ስንዴ በደጋም በቆላም ያው ምግብ ነው። አንድ ኩንታል ዘር ግን ለአንዱ ቀበሌ በረከት፣ ለሌላው የአንድ ዓመት ልፋት ከንቱ መሆን ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ዘሩን ማን ይምረጠው፣ በምንስ መለኪያ ይመረጥ የሚለው ጥያቄ ለዕርዳታ ሠራተኛው ከባድ የሚሆነው።

የዘር ሀብትና የደረሰበት አደጋ

ኢትዮጵያ በዘር ሀብቷ ከታወቁት የዓለም አካባቢዎች አንዷ ናት። የሩሲያው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. ወደ አገሪቱ መጥቶ ባደረገው ጥናት የስንዴውንና የገብሱን ዓይነት ብዛት ለዓለም አስታውቋል። የገብስ ድንክዬ ቫይረስ የሚባለውን በሽታ የሚቋቋም ባሕርይ የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ሲሆን፣ ይህም ለሌሎች አገሮች ገበሬዎች ጭምር ጠቅሟል። ይህን ሀብት ለዘመናት ያቆየው ከየአዝመራው ላይ ዛላውን እየመረጠ ለዘር የሚያስቀምጠው ገበሬ ነው።

ሀብቱን ሰብስቦ ለመጠበቅ እ.ኤ.አ. በ1976 በጀርመን መንግሥት ዕርዳታ የዕፅዋት ዘረ መል ማዕከል ተቋቋመ። ማዕከሉን ለረጅም ጊዜ የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ፣ ዘር በማቀዝቀዣ ክፍል ብቻ ተዘግቶበት ሊድን እንደማይችልና በገበሬው ማሳ ላይ በየዓመቱ እየተዘራ ከአየሩ ጋር መለማመድ እንዳለበት አስረዱ። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላም ማዕከሉ ከካናዳ በተገኘ ድጋፍ በወሎና በሸዋ የገበሬውን ዘር ለገበሬው የመመለስና በማሳው ላይ የማሻሻል ሥራ ጀመረ። ለዚህ ተግባራቸው ዶክተር መላኩ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሸልመዋል።

አንድ ዓይነት ዘር በሰፊው መዝራት የሚያስከትለው ጉዳትም በተግባር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ በኢትዮጵያ ስንዴ ላይ በተነሳ ጊዜ ኩብሳና ጋለማ የተባሉት በሰፊው ይዘሩ የነበሩ ምርጥ ዘሮች በብርቱ ተጠቅተዋል። ማሳው ሁሉ አንድ ዓይነት ከሆነ በሽታው አንዱን ሲያሸንፍ ሁሉንም ያሸንፋል።

ገበሬው በዳኝነት

ከዚህ ልምድ በመነሳት የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ፣ ባዮቨርሲቲ ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅትና በጣሊያን አገር ፒሳ ከተማ የሚገኘው የሳንታና ከፍተኛ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች አንድ የጋራ ጥናት አካሄዱ። አብዛኞቹ የገበሬ ዝርያ የሆኑ 400 የስንዴ ዓይነቶች በትግራይ ሀገረ ሰላምና በወሎ ገረገራ ተዘሩ። በየቦታው 30 ገበሬዎች፣ ወንዶችም ሴቶችም፣ በማሳው ውስጥ እየዞሩ ለእያንዳንዱ ዓይነት ነጥብ ሰጡ። መመዘኛዎቹ አራት ነበሩ፤ እነሱም ቶሎ መድረሱ፣ የዛላው መልክ፣ ከአንድ ሥር የሚወጣው አገዳ ብዛትና ባጠቃላይ ያለው ጥራት ናቸው። በዚህ አኳኋን 192,000 ነጥቦች ተሰበሰቡ። ተመራማሪዎቹም በበኩላቸው ቁመቱን፣ ምርቱንና የመሳሰለውን ለኩ።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲታተም ሁለት ነገሮች ጎልተው ታዩ። አንደኛው፣ የገበሬው ፍርድ በግምት የተሰጠ ሳይሆን ከዘር ወደ ዘር ከሚተላለፍ ባሕርይ ጋር የተያያዘና ለማዳቀል ሥራ ሊያገለግል የሚችል መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ለባሕርያቱ የሚሰጠው ክብደት በሴትና በወንድ፣ እንዲሁም በአንዱና በሌላው ቦታ መካከል የሚለያይ መሆኑ ነው። ለምርምር ሥራ ወንዶችን ብቻ ሰብስቦ የሚጠይቅ ባለሙያ የቤተ ሰቡን ግማሽ ፍርድ ብቻ ይዞ ይመለሳል። በጥናቱ ጽሑፍ ላይ የመልፋና የወርቃየ ገበሬዎች ማኅበረሰብ ከተመራማሪዎቹ ጋር በጸሐፊነት ተመዝግቧል፤ ይህም በሳይንስ መጽሔቶች እምብዛም የማይታይ ነው።

ከጣቢያ ወደ ማሳ

ቀጣዩ እርምጃ ሙከራውን ከጣቢያ አውጥቶ በየገበሬው እጅ ማስገባት ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ገበሬ ከብዙዎቹ ውስጥ ጥቂት ዓይነት ዘር፣ ስሙ ሳይነገረው፣ በትንሽ በትንሹ ይሰጠዋል። በራሱ መሬት በለመደው አስተራረስ ይዘራና የትኛው እንደ በለጠ፣ የትኛው እንዳነሰ ይናገራል። አንድ ገበሬ የሚያየው ጥቂቱን ቢሆንም የብዙዎች መልስ ከየቦታው ዝናብና ሙቀት ጋር ሲገናዘብ የትኛው ዘር ለየትኛው አየር እንደሚስማማ ይታወቃል። በኢትዮጵያ በ1,165 የገበሬ ማሳዎች የተገኘው መረጃ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 እንደታተመው ጥናት፣ በጣቢያ ብቻ ከሚደረገው ምርጫ ይልቅ የዘሩን ውጤት አስቀድሞ የማወቁን ችሎታ በእጥፍ ያህል አሳድጎታል።

አሠራሩ ችግር የለበትም ማለት አይደለም። የገበሬ ዝርያ ዝናቡ በተስተካከለበትና ማዳበሪያ በሚገኝበት ዓመት ከምርጥ ዘር ሊያንስ፣ ቁመቱ ረጅም በመሆኑም ሊወድቅ ይችላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የተመረጠው ዘር ተባዝቶ ካልቀረበ ምርጫው በወረቀት ላይ ይቀራል። ስለሆነም ዘር አባዢ የሆኑ የገበሬዎች ማኅበራትና እንደ ኤጀሬ ያሉ የማኅበረሰብ የዘር ባንኮች የሥራው አካል ናቸው።

ለዕርዳታና ለሰፈራ ሥራ የሚሰጠው ትምህርት

በ1977 እና 78 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጉ ሰዎች ከሰሜንና ከማዕከላዊው ደጋ ወደ ደቡብ ምዕራብና ምዕራብ ተወስደው ሰፈሩ። ብዙዎቹ የገብስና የስንዴ ገበሬዎች ነበሩ፤ የደረሱበት ቆላ ግን የለመዱትን ዘር የሚቀበል አልነበረም። የገበሬው እውቀት ከዘሩና ከቦታው ጋር የተሳሰረ በመሆኑ ሰውን ከቦታው ማንሳት እውቀቱን ከሥራ ውጭ ማድረግ ነው። የአየሩ ጠባይ በሚለወጥበት በዚህ ዘመን ደግሞ ገበሬው ከመንደሩ ሳይወጣ መንደሩ ራሱ ሊለወጥበት ይችላል።

ከዚህ በመነሳት ለዕርዳታ ሠራተኛው የሚከተሉት ነጥቦች ይጠቅማሉ። ዘር ከመታዘዙ በፊት የአካባቢው ሰው ከድርቁ አስቀድሞ ምን ይዘራ እንደነበር ይጠየቅ፤ ሴቶችም ለብቻቸው ይጠየቁ። አንድ ዓይነት ዘር በብዛት ከማደል ይልቅ ልዩ ልዩ ዓይነት በመጠኑ ይሰጥ። ከአጎራባች ወረዳ ዘር ሊገኝ ከቻለ ከሩቅ አይምጣ። ከአዝመራው በኋላም ገበሬው ስለ ዘሩ የሰጠው ፍርድ ተጽፎ ለምርምር ተቋማት ይተላለፍ። ይህ ሁሉ ድርቁ ከመድረሱ በፊት ካልተዘጋጀ፣ የክረምቱ መግቢያ በተቃረበበት ሳምንት የሚገኘው ዘር የሚስማማው ሳይሆን ቀድሞ የደረሰው ይሆናል፤ የሚከፍለውም ገበሬው ነው።